ስለ ማጠቢያ ማሽን ሽማግሌ የላኩት ጋሼ ታደለ

ጋሼ ታደለ ማረፋቸው የተነገረኝ በግማሽ ዐረፍተ ነገር ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ኮሎምበስ አጠገብ ቤክስሊ ውስጥ የምንከባከባቸውን ፈረንጅ አሮጊት ምሳ እያበላሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም ስምዖን ደውሎ «ትርሲት፣ ጋሼ ታደለ እኮ…» ሲል ስልኬ ድርግም ብሎ ጠፋ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ስልክ ነው፤ ግማሽ ባትሪ አለኝ እያለ በመሐል የሚከዳ። ግን በአማርኛ «እኮ» ብሎ ድምፁን የሰበረ ሰው ምን ሊል እንደሆነ ለማወቅ ባትሪ አያስፈልግም። የአሮጊቷን ማንኪያ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ።

ከእንባዬ በፊት የመጣብኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅ ነው። ጋሼ ታደለ አጠገቤ ቢኖሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ስልኩ ነበር። «ስንት ዓመቱ ነው?» ይላሉ። «ሁለት» ስላቸው ራሳቸውን ይነቀንቁና «ምነው በልጅነቱ!» ይላሉ። እሳቸው ዘንድ የተበላሸ ዕቃ ሁሉ ዕድሜው ይጠየቅለት ነበር። ስድስት ወር ያገለገለ የሻይ ማፍያ፣ አንድ ክረምት ያልዘለቀ ጫማ፣ እጀታው የወለቀ መጥበሻ፣ ሁሉም በልጅነታቸው የተቀጩ ናቸው፤ ሁሉም ይለቀስላቸዋል።

ያወቅኋቸው በጎረቤትነት ነው። ኢስትሙር በሚባል ሰፈር አንድ ጣሪያ ለሁለት ተከፍሎ፣ በዚህ በኩል እኔ፣ በዚያ በኩል እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ እንኖር ነበር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሲያስነጥሱ «ይማርዎ» የምላቸው ከራሴ ሶፋ ሳልነሣ ነው። ልጃቸው በዲቪ መጥታ፣ ዜግነት ስታገኝ አመጣቻቸው። በኋላ ለሥራ ወደ ሌላ ስቴት ስትሄድ እነሱ ኮሎምበስ ቀሩ። «ቤተ ክርስቲያኑን ለምደናል» ይሉ ነበር። እውነቱ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ነው እሳቸውን የለመደው። በምሥራቁ የከተማው ክፍል የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተኳረፈ ወንድማማች፣ በመኪና ሽያጭ የተካሰሰ ባልንጀራ ሁሉ የሚታረቀው በጋሼ ታደለ ሳሎን ነበር።

አዲስ አበባ ሳሉ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። የዚያን ዘመን ንብረት ክፍል የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ወንበር እግሩ ቢሰበር ዝም ብሎ አይጣልም። መጀመሪያ ሪፖርት ይጻፍለታል፤ ከዚያ ሦስት አባላት ያሉት የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ኮሚቴው ወንበሩን ያያል፣ ይነካካል፣ ይከራከራል፣ ብዙ ጊዜም «ይጠገን» ብሎ ይነሣል። ጋሼ ታደለ በዚህ ኮሚቴ ላይ አርጅተው ነው አሜሪካ የገቡት። ስለዚህ ሊፋቱ የመጡ ጥንዶችን እንኳ «ኮሚቴ ሳይቀመጥ የሚወገድ የለም» እያሉ ነበር የሚመልሷቸው። አንዳንዶቹ ስለሳቁ ብቻ ታርቀዋል።

አንድ ጊዜ የተማሪዎች ኪራይ በሚቀያየርበት ሰሞን በዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት በኩል ይዣቸው ሳልፍ መኪና አስቆሙኝ። የእግረኛው መንገድ ዳርና ዳሩ በሶፋ፣ በቴሌቪዥን፣ በፍራሽ፣ በመጥረጊያ ማሽን ተሞልቷል።

«ቤታቸው ተቃጥሎ ነው?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ሙቭ እያደረጉ ነው። የማይፈልጉትን ይጥሉታል።»

ወረዱና አንዱን ሶፋ በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ አልተቀደደም፤ አልጎደጎደም። ግራና ቀኝ ተመለከቱ። «ኮሚቴው የታለ?» አሉ። እየቀለዱ መሰለኝና ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

አሁን ወደ ማሽኗ ልመጣ ነው። ግን ማሽኗ ምን እንደነበረች የሚገባው እትዬ አስካለን ላወቀ ነው። እትዬ አስካለ ኮሮና በገባበት ዓመት ስትሮክ መታቸውና ግማሽ ጎናቸው ቀረ። ከአልጋ አይወርዱም፤ ንግግራቸው ተጎትቶ ነው የሚወጣው፤ ራሳቸውንም መቆጣጠር አይችሉም። አንሶላቸው በየቀኑ ይታጠባል፤ አንዳንድ ቀን ሁለቴ። በሕይወታቸው ሰው ፊት ነጠላቸው ተዛንፎ ታይቶ የማያውቅ ሴት ናቸው። ባላቸውን አንድ ነገር ብቻ አስማሏቸው፤ አንሶላዬን ሌላ ሰው እንዳያይ። ይህን አሁን የምጽፈው እትዬ አስካለ ራሳቸው «ጻፊው፣ ከእንግዲህ ምን አለ» ስላሉኝ ነው።

ረዳት እንዲላክላቸው ላመለክት ብዬ ነበር። ጋሼ ታደለ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። «ልጄ፣ የሚልኩት ማንን ነው? በዚህ ከተማ አዛውንት የሚያጥበው የኛ ሰው አይደል? እሑድ አጠገባችን የምትዘምረዋን ነው ሰኞ የሚልኩልን።» እውነታቸውን ነው። ግማሹ መዘምራን የእኔ ሙያ ባልደረባ ነው።

እና ጋሼ ታደለ ማሽን ገዙ። እኔ ነኝ ይዣቸው የሄድኩት። መደብሩ ውስጥ ማሽኖቹን ሁሉ፣ ጋን እንደሚገዛ ሰው፣ በጣታቸው አጥንት ኳ ኳ እያደረጉ ጆሯቸውን ሰጡ። «ድምፁ አልጣመኝም» አሉ። የሚቀጥለውም አልጣማቸውም። በመጨረሻ ሁሉም ከአንድ ቆርቆሮ መሠራቱ ሲገባቸው ሻጩ ያመሰገናትን ወሰዱ። መስታወት አላት፤ ከስልክ ጋር ትነጋገራለች፤ አጥባ ስትጨርስ ዜማ ታሰማለች። ዋስትናዋ አንድ ዓመት ነው ሲባሉ ደነገጡ። «ዋሱ ማን ነው?»

«ካምፓኒው ነው፣ ጋሼ።»

«ዋስ ሰው ነው፤ ስም አለው፤ ቤቱ ይታወቃል። ደግሞ ዋስ ቃሉን በዓመት የሚያነሣው ምን ሲሆን ነው?» ሻጩ ፈገግ ብሎ ጨምረው ቢከፍሉ ዋስትናው እንደሚረዝም ነገራቸው። ተረጎምኩላቸው። «ልጁን የሚድር ሰው በሠርጉ ዕለት 'ትታመም ይሆናልና ለሕክምናዋ ጨምር' ይላል እንዴ?» አሉ። ይህንን አልተረጎምኩትም።

ማሽኗ ያን ዓመት በግድግዳው በኩል በየቀኑ ስትዘፍን እሰማ ነበር። ስትዘፍን እትዬ አስካለ «አበጀሽ» ይሏታል። በሚቀጥለው መከር ዋስትናዋ ባለቀ በሳምንቱ ግድም መሐል ላይ ቆመች። አንሶላዎቹ በውሃ ውስጥ እንዳሉ በሯ ተቆልፎ፣ መስታወቷ ላይ አንድ ፊደልና ሁለት ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል። ጋሼ ታደለ በሬን አንኳኩ። «ትርሲት፣ ማሽኗ የምትለው ነገር አለ፤ ነይ አንብቢልኝ።»

ጠጋኙ መጣ፤ ትሑት ጎልማሳ ፈረንጅ። አንሶላዎቹን በሯን ፈልቅቆ ሲያወጣ ጋሼ ታደለ ከእጁ ነጥቀው ሸፈኑ። ከዚያ ሰውየው ተንበርክኮ ከኋላ አያት፤ ተነሣ። የተበላሸው ክፍል ከውስጥ ነው፤ የውስጡ በርሜል ደግሞ አንድ ላይ ተበይዶ የተዘጋ ስለሆነ አይከፈትም፤ ከማስጠገን አዲስ መግዛት ይሻላል አለ።

«ማን ዘጋው?» አሉ ጋሼ ታደለ።

«ፋብሪካው።»

«ለምን?»

ጠጋኙ ትከሻውን ሰበቀ። «እንዳይከፈት።»

ጋሼ ታደለ ማሽኗን ዞረው ዞረው አዩአት። «እንዳይከፈት ተብሎ የሚሠራ ሣጥን የማውቀው አንድ ብቻ ነው» አሉ።

አዲስ ልናዝ ብለን ደወልን። የዚያን ጊዜ ዕቃ የለም፤ መርከቡ ወደብ ላይ ቆሟል፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንጂ አይደርስም ተባልን። ሰው ሁሉ ልብሱን ራሱ ወደሚያጥብበት ላውንድሪ ቤት እንዳይሄዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ምእመን የሚገናኘው እዚያ ነው። የእኔ ማሽን ደግሞ ከግድግዳው ወዲህ ቆማለች፤ ርካሽና ዜማ የማታውቅ ብትሆንም ታጥባለች። «እኔ ላጥብልዎት፤ ሙያዬ እኮ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የማጥበው የሰው አንሶላ ነው» አልኳቸው።

«የፈረንጆቹን ነዋ። ፈረንጆቹ አይወዱሽም፤ አስካለ ግን ትወድሻለች። ለዚህ ነው የማይሆነው» አሉ።

ቀጥሎ ያደረጉትን በዓለም ላይ ያደረገ ሌላ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። መደብሩ ዘንድ ሽማግሌ ላኩ። በሕጋችን በራስ ጉዳይ ሽማግሌ አይኮንም፤ ስለዚህ ያ ሁሉን ያስታረቀ ሰው በዕድሜው መጨረሻ ተበዳይ ሆኖ መኪና ውስጥ ተቀመጠ። ከቤተ ክርስቲያን ጋሼ ለማ፣ ወንድም ስምዖንና እኔ አስተርጓሚዋ ገባን። ጋሼ ለማ በኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል። አንሶላ የሚባል ነገር አልተነገራቸውም፤ የሚያውቁት ታደለ በማሽን መበደሉን ነው።

ወለሉ ላይ ተራርቆ መቆሚያ ክብ ክብ ምልክት ተለጥፏል። ሽማግሌዎቹ በየክቡ ላይ፣ ማስክ እንዳደረጉ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ወጣቱ ማናጀር ብራያን ይባላል፤ ሁለት አዛውንት የሚመስሉ ሰዎች ሲያይ ወንበር አስመጣ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ለማ። «እሺታህን ሳንሰማ አንቀመጥም በይልኝ።»

አልኩለት። ብራያን ደነገጠ። «እሺታ ለምን?» አለ። ለመካሰስ እንዳልመጣን፣ በእሱና በአንድ አባት መካከል የገባውን ቅያሜ ለመፍታት እንደመጣን፣ ማሽኗ በልጅነቷ መሞቷን፣ እኚያም አባት ክፉ እንዳልተናገሩ ተረጎምኩ። ብራያን ኮምፒውተሩን ከፈተ። «ዋራንቲው ኤክስፓየር አድርጓል» አለኝ፤ እኔም ለሽማግሌዎቹ የዋስትናው ጊዜ አልፏል አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ከክባቸው አልተነቃነቁም። ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ። ቴሌቪዥን የተሸከመ ሰው እነሱን አይቶ ቴሌቪዥኑን መሬት አስቀመጠ።

«ባለቤቱ ራሱ የት ነው?» አለ ብራያን በመጨረሻ።

«መኪና ውስጥ።»

በዚያ ዘመን ዕቃ ወደ መኪና አውጥቶ ማስረከብ ልማዳቸው ስለነበረ ነው መሰለኝ፣ ምንም ሳይገርመው ተከትሎን ወጣ። ጋሼ ታደለ መስኮቱን አወረዱ። ልጁ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሕጉን ከላይ የሚያወጡት ሌሎች ናቸው፣ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም አለ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ለነገሩ የእኔም ማሽን ቤት ውስጥ ሞታለች። ላውንድሪ ቤት ነው የማጥበው» አለ።

ስተረጉምላቸው ጋሼ ታደለ የመኪናውን በር ከፍተው ወረዱ። ኀዘን የደረሰበትን ሰው ተቀምጦ ማናገር ነውር ነዋ። «ስንት ዓመቷ ነበር?» አሉት።

«ሁለት።»

«ምነው በልጅነቷ!» አሉ፤ ባርኔጣቸውንም አወለቁ። እዚያው መኪና ማቆሚያው መሐል ባረኩት፤ ትዳር ይስጥህ፣ የማይበላሽ ይስጥህ አሉት። ጋሼ ለማም «አሜን» አሉ። ብራያን ምን እንደተባለለት ባይገባውም ዐይኑ ረጠበ፤ ለአዲስ ማሽን የዋጋ ቅናሽ ወረቀት ሰጣቸው። በመመለሻችን ወንድም ስምዖን ዕርቁ ተሳክቷል ብሎ ጸለየ። እኔ ግን የኋላ መመልከቻው ውስጥ የጋሼ ታደለን ፊት አየሁት። ሲወጡ ማሽን የለም፤ ሲመለሱም ማሽን የለም፤ እትዬ አስካለ ደግሞ ቤት ይጠብቃሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በግድግዳው በኩል የምሰማው ዜማው ቀርቶ የመታጠቢያ ገንዳው ውሃ ሆነ። ጋሼ ታደለ በሰባ ምናምን ዓመታቸው ገንዳው ሥር ተንበርክከው አንሶላ ያጥባሉ። ያሻሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ያቃስታሉ፤ ቆም ይላሉ፤ እንደገና ውሃው ይከፈታል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ጣቶቻቸው ተሰነጣጥቀው ነበር። «ብርዱ ነው» ይላሉ፤ ሰዎቹም ስለ ቅባት ይመክሯቸዋል። እኔ በጣም ተናደድኩ። በማሽኗ ተናደድኩ፤ በፋብሪካው ተናደድኩ፤ በእትዬ አስካለም፣ አልዋሽም፣ ተናደድኩ።

አንድ ጠዋት ከገንዳው በኩል ገዘፍ ያለ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ቁልፍ ነበረኝና ሮጬ ገባሁ። ጋሼ ታደለ በጉልበታቸው እንደሆኑ የገንዳውን ጠርዝ ይዘዋል፤ መነሣት አቅቷቸዋል። ሲያዩኝ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«እየጸለይኩ ነው» አሉኝ።

ከመኝታ ቤት የእትዬ አስካለ የተጎተተ ድምፅ መጣ። «ው…ሸ…ቱን ነው።»

ደግፌ አነሣኋቸው። ሁለታችንም እትዬ አስካለ አልጋ አጠገብ ደረስን። ሴትዮዋ ባላቸውን ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር አዩአቸው፤ እስከ ክርኑ የረጠበውን ሹራብ፣ እጆቻቸውን። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ «ትጠብልኝ» አሉ።

«አስካለ…»

«ት…ጠብ አልኩ።»

ጋሼ ታደለ ሽማግሌ ናቸውና ወዲያው ድርድር ጀመሩ። ቅርጫቱን ይዞ የሚመጣው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ይሸፈናል፤ እኔ ከፍቼ አላይም፤ ዝም ብዬ እገለብጠዋለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው እኔ ጋ ሲመጣ አይታጠብም። ሁሉንም እሺ አልኩ።

በማግሥቱ ቅርጫቱን ነጠላ አልብሰው በሬ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ሰላምታ ሳይሰጡኝ ፈጠን ብለው ተመለሱ። ላነሣው ስል ወገቤን ሰበረኝ። ምን ቢጭኑበት ነው ብዬ እየተንገዳገድኩ ማሽኔ ጋ አደረስኩት። ቃሌን ጠብቄ ዐይኔን ወደ ጎን አድርጌ ልገለብጠው ስል እጄ ውሃ ነካ፤ ሳሙና ሸተተኝ። አየሁ። አንሶላዎቹ እንደ በረዶ ነጭ ናቸው። ታጥበዋል፤ ተለቅልቀዋል፤ እስኪበቃቸው አልተጨመቁም እንጂ።

ሚስታቸውን እሺ ብለዋል፤ መሐላቸውንም ጠብቀዋል። ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት በጉልበታቸው ተንበርክከው አጥበውታል።

ምን ማድረግ እችላለሁ? ሳሙና ጨመርኩና ንጹሑን አንሶላ አጠብኩት። አድርቄ፣ አጥፌ መለስኩላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ፤ አደከምኩሽ» አሉኝ። «ኧረ ምንም አይደል» አልኳቸው። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ከረምን። ለምን አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። ብናገር እኮ ወይ መሐላው ይፈርስባቸዋል፣ ወይ ቅርጫቱ መምጣቱ ይቀራል። ቢያንስ መጭመቁንና ማድረቁን ከትከሻቸው አውርጄላቸዋለሁ። የዓለም ማሽን ሁሉ የቆሸሸ ሲያጥብ የእኔዋ የታጠበ እያጠበች ያን ያህል ጊዜ ሳትበላሽ መቆየቷም ምናልባት ለዚህ ነው።

በጸደዩ ልባቸው ደከመ። ሆስፒታል የቆዩት ጥቂት ነው። በስልኬ የሰማሁት ግማሽ ዐረፍተ ነገር የመጣው ያኔ ነው።

ለቅሶው ላይ የመደብሩ ሽምግልና ደጋግሞ ተነሣ፤ ጋሼ ለማ በክቡ ላይ እንዴት እንደቆሙ ተነሥተው አሳዩ፤ ሰው እያለቀሰ ሳቀ። ስለ አንሶላ የተናገረ የለም፤ የሚያውቅም አልነበረም። ልጃቸው እናቷን ይዛ ልትሄድ ዕቃ ስትሸክፍ፣ ለቀስተኛው በተበተነ ማግሥት ጠዋት፣ እትዬ አስካለን በጎን አስተኝቼ አልጋቸውን ቀየርኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ ናቸው።

«እንዳለ… ነው፤ ቀድሞ… ያጠበው የለም» አሉኝ።

«እንዳለ ይሁን፣ እትዬ» አልኳቸው።

አንሶላውን ቅርጫቱ ውስጥ ከትቼ ነጠላ አለበስኩት። እንደ ወትሮው ወገቤን አጥብቄ፣ ትንፋሼን ውጬ ላነሣው ስል በአንድ እጄ ተነሣ። ደረቅ ነበር። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ያላወጣሁትን እንባ እዚያው በር ላይ፣ ቅርጫቱን አቅፌ አወጣሁት።